የገዛነው ቀፎ የማን ነው?

ነገሩ የሆነው በ2010 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምንጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልን፤ የስልክ ታሪክ መስከረም አንድ ቀን አይጀምርምና።) ከመካከላችን ለአንዱ፣ አሜሪካ የሚኖር አጎቱ የሁለት ዓመት ኮንትራቱን የጨረሰበትን አንድሮይድ ስልክ በሰው ላከለት። ስልኩ ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ ስለነበር መጀመሪያ ዲኮድ መደረግ ነበረበት። ተደረገ። የቴሌን ሲም ተቀበለ። እኛም ተሰብስበን ካርታውን ከፈትንለት፣ ካሜራውን ሞከርንለት፣ ዘፈን ጫንንለት። በሦስተኛው ቀን አጎትየው በፌስቡክ መልእክት ጻፈለት፤ በአማርኛ። ስልኩ ያሳየው ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

ልጁ ደነገጠ። ሁሌ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የሚጽፍ አጎት ድንገት በፊደል ረጅም መልእክት ከላከ ወይ ደስታ ነው ወይ መርዶ። እየሮጠ ኢንተርኔት ካፌ ገባ፣ በደቂቃ ሒሳብ ከፈለ፣ የዘገየውን ገጽ እየጠበቀ ላብ አሰመጠው። በመጨረሻ ተከፈተለት፦ «ስልኩ ደረሰህ ወይ? እስቲ በአማርኛ ጻፍልኝ፤ እንግሊዝኛህ ያስቀኛል።»

ሳቅን። ግን አንድ ጥያቄ ቀረብን። ስልኩ የእሱ ነው። በስጦታ አግኝቶታል፣ ሲሙ የእሱ ነው፣ ካርድ የሚሞላውም እሱ ነው። ታዲያ በገዛ ስልኩ ላይ የገዛ ፊደሉን ለመጨመር ለምን አልተፈቀደለትም? መልሱን ፍለጋ ብዙ ዓመት ተጓዝን፤ ብዙ ቀፎም ገደልን። እነሆ የሰበሰብነው ታሪክ።

የተቆለፈው ቤትና ክፍቱ ቤት

ስማርት ስልክ ከአይፎን በፊትም ነበር። ብላክቤሪም፣ ሲምቢያን የጫነው ኖኪያም፣ ዊንዶውስ ሞባይልም ነበሩ። ነገር ግን ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ዓይነት ስልክ ታሪኩ የሚጀምረው ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን መድረክ ላይ ይዞ ሲወጣ ነው። ጁን 29 ለገበያ ቀረበ፤ ዋጋው እንደ ማኅደረ ትውስታው መጠን 499 እና 599 ዶላር። ውብ ነበር። ግን አፕል ከጫነው ሌላ ምንም ፕሮግራም አያስገባም ነበር። አፕ ስቶር የሚባለው ነገር የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2008 ነው። በዚያ መካከል ስልኩ ያለ ማጀት እንደተሠራ ሳሎን ነበር፤ እንግዳ ይቀመጥበታል እንጂ ወጥ አይሠራበትም።

ሰው ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። ስልኩ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ጥበቃውን ሰብረው የራሳቸውን ፕሮግራም የሚጭኑ ተገኙ፤ ሥራውንም «ጄልብሬክ» አሉት፣ እስር ቤት ሰብሮ መውጣት ማለት ነው። በኦገስት 2007 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ የ17 ዓመት የኒው ጀርሲ ልጅ አይፎኑን ከኤቲኤንድቲ ኔትወርክ ውጪ እንዲሠራ አደረገው። ያንን የፈታውን ስልክ በአንድ ኒሳን 350ዜድ መኪናና በሦስት አዳዲስ አይፎኖች ለወጠው። አንድ ስልክ በመኪና! እኛ ሠፈር ዲኮድ የሚያደርገው ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ሌላው ቤት አንድሮይድ ነው። አንድሮይድ በ2003 በፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ በአነስተኛ ኩባንያነት ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ አንዲ ሩቢን ነው። ጎግል በ2005 ገዛው። ኖቬምበር 5 ቀን 2007 ጎግል ከስልክ ሠሪዎች፣ ከቺፕ ሠሪዎችና ከኔትወርክ ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ማኅበር መመሥረቱንና ሲስተሙ ለሁሉም ክፍት እንደሚሆን አወጀ። ኦክቶበር 21 ቀን 2008 ሶርስ ኮዱ ተለቀቀ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው ስልክ አሜሪካ ውስጥ ተሸጠ። ኤችቲሲ የሠራው፣ ቲሞባይል የሸጠው፣ ጂ1 የተባለው ነው። በሁለት ዓመት ኮንትራት 179 ዶላር፤ ባለ 3.2 ኢንች ስክሪን፣ ከጎኑ ተንሸራቶ የሚወጣ ኪቦርድ ያለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። «ኮዱ ክፍት ነው» ማለትና «ስልኩ ክፍት ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮዱን ማንም አውርዶ ማንበብ፣ መቀየር፣ ማባዛት ይችላል። ገዝተህ ኪስህ የከተትከው ጂ1 ግን የፋብሪካው ፊርማ የሌለበትን ሲስተም አይቀበልም። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ በሊኑክስ ቤት ደግሞ ሁሉንም በር የሚከፍት «ሩት» የሚባል ጌታ አለ። የጂ1 ገዥ ሩት አልነበረም። የቤቱ ካርታ በእጁ ነው፣ የበሩ ቁልፍ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው።

ሪቡት ብሎ የጻፈው ሰው

የታሪኩ በጣም የሚያስቀው ክፍል ይህ ነው። ጂ1 ገበያ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በኖቬምበር 2008፣ አንድ ሰው በስልኩ ከሴት ጓደኛው ጋር መልእክት እየተለዋወጠ ነበር። ለምን እንደዘገየ ስትጠይቀው ስልኩን አጥፍቶ እያስነሳ እንደነበር ሊነግራት «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈና የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነ። ስልኩ ጠፍቶ ተነሣ።

አጋጣሚ አልነበረም። ሠሪዎቹ ለሙከራ የከፈቱትን አንድ መስመር ሳይዘጉ ረስተውት ነበር። በኪቦርዱ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ለጓደኛም ለእናትም ይጻፍ፣ ከጀርባ በማይታይ ትእዛዝ መቀበያ ላይ በሩት ሥልጣን ይገባ ነበር። «እንዴት አደርሽ» ብትል ሲስተሙ አይገባውምና ያልፈዋል። የሲስተሙን ትእዛዝ ከጻፍክ ግን ይፈጽመዋል። እንግዲህ አስቡት፦ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት ቁልፍ፣ ቁልፉ በሩ ላይ ተረስቶ!

ወሬው እንደ እሳት ተዛመተ። አንድ ቃል ጽፎ ስልኩን ከኮምፒውተር ማዘዝ ተቻለ። ጎግል ቀዳዳውን የሚደፍን እድሳት ፈጥኖ ላከ። ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አሮጌውን፣ ቀዳዳ ያለውን እትም በሜሞሪ ካርድ ጭኖ ስልኩን ወደኋላ መመለስ፣ ከዚያ ሩት መሆን፣ ከዚያ የራስን ሲስተም መጫን የሚቻልበት መንገድ ተገኘ።

ይህን መንገድ ተጠቅሞ የመጀመሪያዎቹን የተሻሻሉ ሲስተሞች ያዘጋጀው ሰው ራሱን «ጄሰስፍሪክ» ብሎ የሚጠራ ፕሮግራመር ነበር። በ2009 እሱ ሥራውን ሲተው በትሩን የተቀበለው ስቲቭ ኮንዲክ ነው፤ የኢንተርኔት ስሙ «ሳያኖጅን»። ሥራውም ሳያኖጅንሞድ ተባለ። እንዲህ ያለውን የተዘጋጀ ሲስተም ፈረንጆቹ «ሮም» ይሉታል። (ጣሊያን ያለችው ሮም አይደለችም፤ መሄጃ ቪዛም አይጠይቅም።)

ለምን ተወደደ? ለጉራ ብቻ አልነበረም። ጂ1 ለፕሮግራሞች የሚተርፈው ቦታ 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንድ አጭር ቪዲዮ የማይበቃው ቦታ። ሳያኖጅንሞድ ፕሮግራሞችን ወደ ሜሞሪ ካርድ ማዛወር አስቻለ። ጎግል ራሱ ይህን የፈቀደው በ2010፣ በአንድሮይድ 2.2 ነው። የስልኩ ፕሮሰሰር እስከ 528 ሜጋኸርዝ መሮጥ ሲችል ባትሪ እንዲቆጥብ በ384 ታስሮ ነበር፤ ሳያኖጅንሞድ ፈታው። የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተር ማካፈልም እንዲሁ ከፋብሪካው ቀድሞ መጣ። በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ልጆች ከታላቁ ኩባንያ አንድ ዓመት ቀድመው ነበር።

በሴፕቴምበር 2009 የጎግል ጠበቆች ለኮንዲክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉለት። ክሳቸው ስለ አንድሮይድ አልነበረም፤ አንድሮይድማ ክፍት ነው። ጂሜይል፣ ካርታ፣ ዩቲዩብና የፕሮግራም ገበያው ግን የጎግል የግል ንብረቶች ናቸው፤ እነሱን በሮሙ ውስጥ ጨምሮ ማደል አይፈቀድም አሉ። ጩኸቱ ትልቅ ነበር። መፍትሔው የሐበሻ ሽማግሌ የፈረደው ይመስል ነበር። ሮሙ ያለ ጎግል ፕሮግራሞች ይታደላል፤ ባለ ስልኩ ግን ቀድሞውኑ ስልኩ ላይ የነበሩትን ለራሱ ቀድቶ መልሶ ይጭናል። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተከሰሰም። ግን አንድ ነገር ተገለጠ። «ክፍት» የተባለው አንድሮይድ ሰው ከሚፈልገው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተዘጋ ነው።

ሳጥኑና ፊደሉ

አሁን ወደ ልጁ ሳጥን እንመለስ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ እንዲጻፍ ብዙ ሰው ደክሟል። ከዚያም በፊት እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የፈረንጅን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ለመግራት ተጨንቀዋል፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ፊደል ለጥቂት ደርዘን ቁልፍ የማካፈል ሥራ ነበር። ፊደሉን በግንዱና በቅጥያው ከፋፍሎ እየቀጣጠሉ መጻፍ የመጣው ከዚያ ችግር ነው። የእኛ ሰው «ከስቶመር» ሳይባል በፊት መሣሪያ ይቀይር ነበር ማለት ነው። በ1999 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ እትም 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ «ሀ» የሚለው ፊደል በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ መለያ ቁጥር አለው።

ቁጥር መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ስልኩ ያንን ቁጥር ሲያገኝ የሚሥልበት ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት፣ ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አልነበራቸውም። ፎንት ያጣ ስልክ ባዶ ሳጥን ይሥላል። ባለሙያዎቹ ይህን ሳጥን «ቶፉ» ይሉታል፣ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ በሚቆረጠው የአኩሪ አተር ምግብ ስም።

ለዚህ መፍትሔ ሁለት መንገድ ነበር። ቀላሉ ኦፔራ ሚኒ ነው። ድብቅ የቅንብር ገጹን ከፍቶ ከባድ ጽሑፎችን በሥዕል መልክ እንዲያመጣ ማዘዝ። ገጹ ከኦፔራ ሰርቨር ተሥሎ ይመጣል፤ አማርኛ ይነበባል። በዚህ መንገድ ስንቱ ሰው በትንሿ ስልኩ ጋዜጣ አንብቧል! ችግሩ ከኦፔራ ሚኒ ውጪ አይሠራም። የጽሑፍ መልእክት ሳጥን ነው፣ የስም ዝርዝር ሳጥን ነው፣ ፌስቡክ በራሱ ፕሮግራም ሲከፈት ሳጥን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፎንቱን ራሱን ስልኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ፎንቶቹ የሚቀመጡበት የሲስተም ፎልደር ግን ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የሚጽፍበት ሩት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የአጎቱን አማርኛ ለማንበብ የስልኩን ጥበቃ መስበር ነበረበት! በዚያ ዘመን በነበሩት የአንድሮይድ እትሞች የመጠባበቂያ ፎንቶቹ ዝርዝር ከሲስተሙ ኮድ ጋር የተሰፋ ስለነበር አዲስ ፎንት አምጥቶ አጠገባቸው ማስቀመጥ ብቻውን አይሠራም። የሚደረገው የቻይንኛ፣ የጃፓንኛና የኮርያኛ ፊደሎችን የያዘውን የመጠባበቂያ ፋይል አንስቶ፣ በዚያው ስም የእኛ ፊደል ያለበትን ፋይል መተካት ነበር። እንግዳ ሆኖ በቻይናዎች ስም መግባት ማለት ነው።

ልጁ ስልኩን ይዞ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ሄደ። ስሙን አንናገርም፤ ዛሬ ቡና መጠጫ ሆኗል። ጥገናው ቤት ያለው ልጅ «ይሄማ የደቂቃ ሥራ ነው» አለ። እዚያው ቆመን እያየን ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ፋይል ጫነበት። ስልኩ ጠፋ። አልተነሣም። ባትሪ ወጣ፣ ገባ፤ ቁልፎቹ በሦስት ተያዙ፤ ምንም የለም። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ስልክ «ጡብ ሆነ» ይሉታል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ልጁ ለአጎቱ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው? በምንስ ሊጽፍ ነው?

ያኔ የተማርነው ትምህርት ዛሬም ያገለግላል። ጡብ የተባለው ስልክ ብዙ ጊዜ ጡብ አይደለም። ሲስተሙ ቢበላሽም ከሱ በፊት የሚነሣው ትንሽ ፕሮግራም፣ ቡትሎደር የሚሉት፣ ደኅና ከሆነ ስልኩ ይድናል። ቡትሎደር በር ጠባቂ ነው፤ ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው፣ የትኛው ሲስተም እንዲነሣ የሚፈቅደውም እሱ ነው። የልጁ ቡትሎደር አልተነካም ነበር። ሁለት ሌሊት በቀርፋፋ መስመር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደገና እየጀመርን፣ ትክክለኛውን ፋይል አወረድን። በሦስተኛው ሌሊት ስልኩ በሳያኖጅንሞድ ተነሣ። ፎንቱን ተካን፣ አጥፍተን አስነሣነው፣ የአጎቱን መልእክት ከፈትነው።

«ስልኩ ደረሰህ ወይ?»

ፊደሉ ትንሽ ከመስመሩ ወረድ ያለ ነበር። ግን ይነበብ ነበር። ሦስታችን እየተቀባበልን ደጋግመን ያነበብነው፣ መልእክቱ አዲስ ስለሆነ አልነበረም።

በ2012 ገደማ ከወጡት እትሞች ጀምሮ አንድሮይድ ራሱ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ይዞ መምጣት ጀመረ። በኋላም ጎግል «ኖቶ» የተባሉትን ፎንቶች አዘጋጀ፤ የስሙ ትርጉም «ቶፉ ይብቃ» እንደ ማለት ነው። በ2016 ሲያስተዋውቃቸው ከ800 በላይ ቋንቋዎችን እንደሚሸፍኑ ተነገረ። ዛሬ አዲስ ስልክ ከፍቶ በአማርኛ የሚጽፍ ታዳጊ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እኛ ግን ያኔ የማናውቃቸው ሰዎች በነፃ የሠሩት ሮም የአባቶቻችንን ፊደል እንዳነበበልን እናስታውሳለን።

ቁልፍ የሚሠሩና ቁልፍ የሚሰብሩ

በዚሁ ጊዜ በቁልፍ ሠሪዎችና በቁልፍ ሰባሪዎች መካከል ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበር።

በጃንዋሪ 2010 ጎግል ኔክሰስ ዋንን አወጣ፤ ለኔትወርክ ያልተቆለፈው በ529 ዶላር። ይህ ስልክ ቡትሎደሩ በአንድ የታወቀ ትእዛዝ እንዲከፈት ተደርጎ ነበር የተሠራው። ስልኩ ያስጠነቅቅሃል፤ ዋስትናህ ሊቀር ይችላል ይልሃል። ከዚያ «እሺ» ካልክ በሩን ይከፍትልሃል። ይህ ነው ጨዋ አሠራር። ስልኩ የአንተ ነው፣ ጥፋቱም የአንተ ነው።

በዚያው ዓመት ሞቶሮላ ድሮይድ ኤክስን ሲያወጣ ግን ቡትሎደሩ በጥብቅ ተቆለፈ። ያልተፈረመ ሲስተም ከተጫነበት ስልኩ እምቢ ይላል፤ የተፈቀደው እስኪመለስለት ድረስ አይነሣም። ጁላይ 26 ቀን 2010 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ በሥልጣኑ ሥር ያለውን የቅጂ መብት ደንብ ሲከልስ የገዛ ስልክን ጄልብሬክ ማድረግ ሕግ መጣስ እንዳልሆነ ወሰነ። ሕጉ «መስበር ትችላለህ» አለ። ፋብሪካው «እስቲ ስበረው!» አለ።

በሜይ 2011 ኤችቲሲ ቡትሎደሮቹን መቆለፍ ሲጀምር ደንበኞቹ በፌስቡክ ገጹ ላይ ጮኹ። የኩባንያው ኃላፊ ፒተር ቾው እንደማይቆልፉ እዚያው ፌስቡክ ላይ ጻፈ። የተጠቃሚ ጩኸት ፋብሪካን ሲያስመልስ ያየነው ያኔ ነው። በ2013 ደግሞ ሳምሰንግ «ኖክስ» በተባለው የጥበቃ ሥርዓቱ አዲስ ዘዴ አመጣ። ያልተፈረመ ሲስተም ስትጭን ስልኩ ውስጥ ያለች አንዲት የኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ትቃጠላለች። ሲስተሙን መልሰህ የፋብሪካውን ብትጭንም ፊውዟ አትመለስም። ስልኩ ንስሐ ብትገባም ኃጢአትህን አይረሳም።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ኩባንያ ሲሆን

ሳያኖጅንሞድም በበኩሉ አደገ። በ2011 ሳምሰንግ ኮንዲክን ቀጠረው። በ2013 ሳያኖጅን ኩባንያ ሆነ፤ ሚሊዮን ዶላሮች ገቡለት። በ2014 ዋንፕላስ ዋን የተባለው ስልክ በሳያኖጅን ሲስተም፣ በ299 ዶላር ብቅ አለ። ከፍተኛ አቅም በግማሽ ዋጋ! እኛም ደስታ ሰከርን፤ የእኛ ነገር ከጓሮ ወጥቶ በዋናው በር ገባ አልን።

ደስታው አንድ ዓመትም አልቆየ። ሳያኖጅን በህንድ ለሌላ ስልክ ሠሪ፣ ለማይክሮማክስ፣ የብቸኝነት መብት ሰጠ። በዲሴምበር 2014 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዋንፕላስን ስልክ ሽያጭ ለጊዜው አገደ። በ2015 መጀመሪያ የሳያኖጅን ሥራ አስኪያጅ ኪርት ማክማስተር አንድሮይድን ከጎግል እጅ እናወጣለን እያለ በአደባባይ ተናገረ። ትልቅ አፍ ነበር። በዲሴምበር 2016 ኩባንያው አገልግሎቱን ሁሉ መዝጋቱን አስታወቀ። ለዓመታት በነፃ የደከሙት በጎ ፈቃደኞች ስማቸውም ሰርቨራቸውም የኩባንያው ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ገና ዋዜማ ላይ ቤት አልባ ሆኑ።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ኮዱ ክፍት ነበር። ስሙን መውሰድ ይቻላል፤ ኮዱን ግን ማንም መልሶ ሊቆልፈው አይችልም። በዚያው ሰሞን እነዚያው ልጆች ኮዱን ይዘው «ሊኔጅኦኤስ» በሚል አዲስ ስም ቀጠሉ። ሊኔጅኦኤስ ዛሬም አለ፤ ፋብሪካ የተዋቸውን ስልኮች ዛሬም ያነሣል።

ሌላው የዚህ ዘመን ልጅ ሻኦሚ ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናያቸውን ስልኮች የሚሠራው ይህ የቻይና ኩባንያ በ2010 ሲነሣ የመጀመሪያ ምርቱ ስልክ አልነበረም፤ በሰው ስልክ ላይ የሚጫን ኤምአይዩአይ የተባለ ሮም ነበር። የራሱን ስልክ ያወጣው በ2011 ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ራሱ ሻኦሚ ቡትሎደር ለሚያስከፍት ሰው ማመልከቻና የጥበቃ ጊዜ ያዘዘ ሆነ። አጥር ዘሎ የገባ ሰው አጥሩን ከሌላው የበለጠ ያውቀዋል።

ዛሬ ስልክ ስንመርጥ

«ታዲያ ዛሬም ሮም እንጫን?» ለምትሉን፣ በሐቅ እንነጋገር። ለብዙ ሰው አስፈላጊነቱ ቀንሷል። ሳያኖጅንሞድ ያስተማራቸውን ነገሮች ፋብሪካዎች ወስደዋቸዋል። ፊደሉ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ቦታው ሞልቷል። ጎግል ከፒክስል 8 (2023)፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 (2024) ጀምሮ የሰባት ዓመት እድሳት ቃል ገብተዋል። በአንጻሩ ዋጋው ንሯል። ብዙ የባንክ ፕሮግራሞች የስልኩ ቡትሎደር ተከፍቶ ካገኙት አንሠራም ይላሉ፤ የስልኩን ሁኔታ የሚመሰክርላቸውም የጎግል ማረጋገጫ ነው። ደመወዙና የቤት ኪራዩ በስልክ ለሚንቀሳቀስ የከተማ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ሁዋዌም ከ2018 ጀምሮ የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል።

ነገር ግን አስቡት፤ ውድ ስልክ የሚገዛው ሰው ሰባት ዓመት እድሳት ያገኛል። ብዙዎቻችን የምንገዛው ርካሹን ወይም ያገለገለውን ነው፤ ለእሱ እድሳቱ ቶሎ ያልቃል። ቀፎው ደኅና፣ ባትሪው ደኅና፣ ሲስተሙ ግን አርጅቶ ፕሮግራም አልጭንም የሚል ስልክ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሮም ዛሬ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

ስለዚህ ስልክ ስትመርጡ ካሜራውንና ቀለሙን ካያችሁ በኋላ እነዚህንም ጠይቁ። አንደኛ፣ እድሳቱ እስከ መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ? የአንድ ሞዴል ስም ብቻ አይታመንም፤ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን እዩ። ከዘመድ ከአሜሪካ የሚመጣልን ጋላክሲ ብዙ ጊዜ ቡትሎደሩ የማይከፈት ዓይነት ነው፤ በሌላ አገር የተሸጠው መንትያው ግን ለዓመታት ይከፈት ነበር። ሦስተኛ፣ ፋብሪካው የኪርነሉን ሶርስ ኮድ ለቋል ወይ? የሊኑክስ ፈቃድ ልቀቅ ይላል፤ ሁሉም ግን አይለቅም፤ ካልተለቀቀ ደግሞ ጥሩ ሮም የሚሠራለት ሰው አይገኝም። አራተኛ፣ ለዚያ ሞዴል ሊኔጅኦኤስ አለ ወይ? ካለ ስልኩ ፋብሪካው ከተወው በኋላም ሁለተኛ ሕይወት አለው። እና በመጨረሻ፦ ፎቶና ስልክ ቁጥራችሁን ሳትቀዱ፣ ባትሪውን ሳትሞሉ፣ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ፋይል ጫኑ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። «የደቂቃ ሥራ ነው» ካላችሁማ ስልኩን ይዛችሁ ውጡ።

አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስልክ ሠሪው ብዙ ጊዜ አጥሩን የነቀነቀብን ባለቤቱን ስለናቀ ነው። አብዛኞቻችን ሮም አንጭን ይሆናል። መጫን እንደምንችል ማወቃችን ግን ለውጥ አለው፤ የቤቱ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው በየቀኑ በሩን ባይከፍትም የቤቱ ባለቤት ነው።

ያ የ2010 ስልክ ዛሬም ልጁ መሳቢያ ውስጥ አለ። ባትሪው አብጧል፤ ቻርጀሩም ጠፍቷል። አጎትየው ዛሬ በአዲሱ ስልኩ በአማርኛ ይጽፍለታል። የወንድሙ ልጅም በአማርኛ ይመልስለታል። አጎትየው አሁን የሚያስቀው የፊደል ግድፈቱ ነው።

ቸር ይግጠመን።